የጀበና አተላ ለጥላ ወዳድ ተክሎች፦ እንዴትና ምን ያህል?

የሰሜን ጓሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ፤

ከቤታችን በስተሰሜን፣ በሁለት ያረጁ የኦክ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የምትጎበኘው መሬት አለ። ሣር ቢዘራበት አይይዝም። ስለዚህ ጥላ የሚወዱትን ተከልሁበት፤ ሆስታ፣ ፈርን፣ ሄለቦር፣ ወደ አጥሩ ደግሞ አዛሊያ። አፈሩ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲዘንብበት ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ዶማ አያስገባም።

እናቴ አብራን ስለምትኖር ቤታችን ውስጥ ጀበና የማይጣድበት ቀን የለም። አተላውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጨመር ለእሷ ነውር ነው፤ ጀበናው ሲታጠብ ውኃውም አተላውም ወደ አትክልቱ ይሄዳል። አሁን አሁን ግን ብዙ በሚደፋበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ሲሠራ አያለሁ። ውኃ ሳጠጣ ከላዩ ወደ ጎን ይፈሳል እንጂ ወደ ሥር አይገባም። በዚያው ቦታ ሄለቦሩ ራሱ ዘርቶ ያበቅላቸው የነበሩት ትንንሽ ችግኞች ዘንድሮ አልታዩም።

እና ልጠይቃችሁ። አተላው ለእነዚህ ተክሎች በእውነት ምግብ ይሆናል? ጎረቤቶቼ «ቡና አፈርን ኮምጣጣ ያደርጋል፣ አዛሊያ ይወደዋል» ይሉኛል፤ እውነት ነው? ደግሞ ሆስታዬን ሌሊት ሌሊት ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ እየበሳው ነው፤ አተላ ዙሪያውን ቢነሰነስ ያባርረዋል የሚባለውስ?

እናቴን «አትድፊ» ማለት አልፈልግም። እንዴት ብትደፋው እንደሚሻል ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዶማና አካፋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እናትሽ ትክክል ናቸው! እኔም ከአንቺ ብዙ ሩቅ አይደለሁም፤ አፈራችንም አንድ ነው። አተላ ከጓሮዬ ጠፍቶ አያውቅም። የቤቴ አልበቃ ሲለኝ ከቡና ቤት አመጣለሁ። ስታርባክስ ከ1995 ጀምሮ የተጠቀመበትን ቡና በከረጢት አድርጎ ለአትክልተኞች በነጻ ይሰጣል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። የሆስታዎቼ ቅጠል ሰፌድ ያክላል። አዛሊያ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፣ ቡና ኮምጣጣ ነው፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ቅርፊቱን በመኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጊውና ቀጥይ።

ወንፊት (ሲያትል)

ዶማና አካፋ ወንድሜ፣ ሆስታዎችህ እንዲህ መፋፋታቸው ደስ ይላል። ስለ ኮምጣጣነቱ ግን አልስማማም፤ ይህ ወሬ በየአትክልት ቦታው ሲዞር የኖረ ስለሆነ ረጋ ብለን ብናየው ጥሩ ነው።

ቡና ሲፈላ ኮምጣጣው ነገር በአብዛኛው ወደምንጠጣው ውኃ ይወጣል። የሚቀረው አተላ ብዙውን ጊዜ ለመካከለኛ የቀረበ ነው። እዚህ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ የሆኑት ሊንዳ ቻልከር ስኮት በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። በጥናቶቹ ውስጥ የተለካው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ከ4.6 እስከ 8.4 ይደርሳል። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ የኮምጣጣ ተቃራኒ የሆነው አልካላይን ነው። ስለዚህ አንዱ አተላ ኮምጣጣ፣ ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ አፈር ውስጥ ሲገባም መጠኑ እየተለዋወጠ ይሄዳል። አዛሊያ ከ4.5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይመቸዋል። ያንን በአተላ አመጣለሁ ብሎ መነሣት አይሆንም። አፈሩን ማስመርመር ይቀድማል፤ ኮምጣጣነት የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ ድኝ ይሰጠዋል።

ደግሞም አስቡት፤ መደቡ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሄለቦር መካከለኛ አፈር ላይ ደስ ብሎት ይኖራል፤ ኮምጣጣነት የግድ አይለውም። አተላው እንደሚባለው ኮምጣጣ ቢሆን ኖሮ አዛሊያው ሲጠቀም ሄለቦሩ ይቸገር ነበር።

ቅርፊቱን በተመለከተ ምክንያቱ ደቃቅነቱ ነው። ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ይደርቃሉ፤ ከደረቁ በኋላ ውኃም አየርም አያሳልፉም። በተለይ አፈሩ ሸክላ ከሆነ ከላይም ከታችም ደቃቅ ይሆናል ማለት ነው። መጫር ለጊዜው ይከፍተዋል፤ ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ግን ተመልሶ ይገጥማል።

የእኚሁ ባለሙያ ምክር ቀላል ነው፤ አተላ ከላይ የሚነሰነስ ከሆነ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ሻካራ የእንጨት ስብርባሪ ይልበስ። ወደ ብስባሽ ክምር የሚገባ ከሆነ ከጠቅላላው መጠን ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይለፍ።

የኮተቤ እናት (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ያቆይልሽ። እኔም ጀበናዬን የማጥበው አትክልቴ ዘንድ ነው።

ከአጥሩ ሥር ጥላ ቦታ ላይ ነጭ ካላ ሊሊ፣ ቢጎኒያና ፈርን አሉኝ። የምሰጣቸው ግን አተላውን ሳይሆን የእጥበቱን ውኃ ነው። አተላውን ትሪ ላይ ስስ አድርጌ አሰጣለሁ፤ ሲደርቅ በቆርቆሮ አጠራቅመዋለሁ፣ ሲበዛ ከደረቅ ቅጠልና ከፍግ ጋር ቀላቅዬ ጉድጓድ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሳይደርቅ ከተከደነ ይሻግታል፣ ይሸታልም።

ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጤና አዳም ካለሽ አተላ አታቅምሺው። ብዙ ቤት ቡናው የሚፈላበት አጠገብ ስለሚተከል አተላው ሁሉ እሱ ላይ ይደፋል፤ ኋላ «ለምን ቢጫ ሆነ?» ይባላል። ጤና አዳም ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ነው የሚወደው፤ እርጥብ አተላ ሥሩ ላይ ሲከማች ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፣ እናትሽ የየት አገር ሰው ናቸው? ጨው ጀበና ውስጥ ይጨምራሉ? ስኒው ላይ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ጀበናው ውስጥ ከሆነ ግን አተላው ጨው ይዟል፤ እሱን ተክል ላይ መድፋት አይገባም።

ወንፊት (ሲያትል)

እማማ፣ ስለ ጨው ያነሡት ነገር በፈረንጅ የአትክልት መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ ለእኛ ግን በጣም አስፈላጊ ነው። የሸክላ አፈር ጨው ሲበዛበት እርስ በርሱ የተያያዘበት አሠራር ይፈርሳል፣ የባሰ ይደፈናል። የሥሩንም ውኃ የመሳብ አቅም ይቀንሳል። ቅመም ግን፣ ቅርንፉድም ሆነ ቀረፋ፣ በዚያ መጠን የሚያሳስብ አይደለም። ስኳርም የሚገባው ስኒ ውስጥ ስለሆነ አተላውን አይነካውም።

ቡና ሥር (ቦንጋ)

ከሩቅ ሆናችሁ ስለ ቡና አተላ ስትነጋገሩ አየሁና ዝም ማለት አልቻልሁም። ሥራዬ ከቡና ገበሬዎች ጋር ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከዛፉ ጀምሬ ላምጣው፤ ትንሽ ይረዝማል።

ስለ ጥላ ወዳድ ተክል ስታወሩ ቡና ራሱ ጥላ ወዳድ መሆኑን አትርሱ። የዐረቢካ ቡና መነሻው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በከፋ፣ በሸካ፣ በያዩ ደኖች ውስጥ ዛሬም ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን ደን በ2010፣ የሸካን ደግሞ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። እዚያ ገብታችሁ ቀና ብትሉ ረጃጅሞቹ ዛፎች ሰማዩን ይዘውታል፤ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ አሉ። ከእነሱ በታች ቡናው ነው። ከቡናው በታች ደግሞ ኮረሪማ፣ ፈርንና ሌላው እርጥበት ወዳድ ሁሉ አለ። እህታችን በሜሪላንድ ኦክ ሥር የሠራችው መደብ አደረጃጀቱ ከዚህ ደን ጋር አንድ ነው።

ታዲያ በዚህ ደን ውስጥ ያለው አፈር በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ ነው። ማን አለሰለሰው? ቅጠል ነው። ዓመቱን ሙሉ ከላይ የሚረግፈው ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ የወደቀ ፍሬ፣ የእንስሳት ፋንድያ፣ ሁሉም ተደባልቆ ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ይበሰብሳል። ቡናውም ፍሬውን ይጥላል፤ ነገር ግን የቡና ፍሬ በዚያ ንጣፍ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። የቡና ፍሬ ብቻውን አንድ ቦታ ተከምሮ የሚበሰብስበት ደን የለም። ተክሎቻችሁ የሚፈልጉት የተደባለቀ ንጣፍ ነው፤ አተላ በዚያ ውስጥ ቦታ አለው፣ ብቻውን ሲሆን ግን ያስቸግራል።

ለምን ያስቸግራል? አተላ ውስጥ ናይትሮጅን አለ፤ ደርቆ ሲመዘን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን ጥቂት ነው። ያም ናይትሮጅን ቢሆን ተክል ወዲያው የሚወስደው ዓይነት አይደለም፤ ከፕሮቲን ጋር ተሳስሮ ነው ያለው። መጀመሪያ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊፈቱት ይገባል። እነሱም ሲሠሩ ለራሳቸው ከአፈሩ ናይትሮጅን ይበደራሉ፤ ስለዚህ ጥሬ አተላ የተቀበረበት ተክል ለጊዜው ሊራብ ይችላል። በዚህ ላይ ካፌይን አለ። ካፌይን ለቡናው መከላከያው ነው፤ ነፍሳትን ያርቃል፣ በአጠገቡ የሚወድቅ የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅልም ያውካል። የእህታችን የሄለቦር ችግኞች አለመብቀል ላይ እጁ ሊኖርበት ይችላል፤ ቅርፊቱም ራሱ ለስስ ቡቃያ ከባድ ክዳን ነው።

አንድ ጥሩ ዜና አለ። የእኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባልበታል። ሦስት ጊዜ ውኃ የተጨመረበት አተላ አንድ ጊዜ ብቻ ውኃ ካለፈበት የማሽን አተላ ይልቅ ካፌይኑ ታጥቦለታል። ሆኖም በእኛ ቤት ቡናው በጣም ይደቅቃል፤ ስለዚህ ቅርፊት የመሥራቱ ነገር በእኛ አተላ ይብሳል።

ሌላም ላንሣ፤ እዚህ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ነው። አተላና የቡና ገለባ አንድ አይደሉም። ጀንፈሉ ሲፈለፈል የሚቀረው ገለባ ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ሻካራ ስለሆነም አየር ያሳልፋል። በሚገባ ከበሰበሰ ለኮረሪማም ለእንሰትም ግሩም ነው። ከእርጥብ ማጠቢያ ጣቢያ የሚወጣው ትኩስ ልጣጭ ግን ሳይበሰብስ ወደ ማሳ መግባት የለበትም፤ ወደ ወንዝ ሲለቀቅም ውኃውን አየር ያሳጣዋል። ይህ የእኛ ወረዳዎች ትልቅ ችግር ነውና ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም።

ምክሬ እንዲህ ነው። እህቴ፣ ኦኮችሽ በየመጸው የሚያራግፉት ቅጠል ሀብትሽ ነው፤ ከረጢት ውስጥ ከተሽ ለቆሻሻ መኪና አትስጪው። አተላ አንድ እጅ፣ ደረቅ ቅጠል ሦስት እጅ፣ የወጥ ቤት ልጣጭና ትኩስ አረንጓዴ ነገር አንድ እጅ አድርገሽ ክመሪው። እርጥበቱ ጨምቀሽው ጠብታ የማይወጣው ግን እጅ የሚያረጥብ ይሁን። አልፎ አልፎ ይገላበጥ። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይበርዳል፣ መጨረሻ ላይ የቡናም የቅጠልም ሽታ ጠፍቶ የአፈር ሽታ ብቻ ይኖረዋል። ያኔ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አድርገሽ በተክሎቹ ዙሪያ ዘርጊው፤ ግንዱንና የሆስታውን አናት አይንካ። በላዩ ላይ ጉዝጓዝ አልብሺው።

የሰሜን ጓሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ይህን ሁሉ ጊዜ ወስዳችሁ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ።

እማማ፣ እናቴ ወሎዬ ናት፤ ጨው ለሚፈልግ ሰው ስኒው ላይ ነው የምትጨምርለት። ጀበናው ንጹሕ ነው።

ወንድሜ ከቦንጋ፣ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «ኮረሪማ ጥላ ውስጥ ነው የሚበቅለው?» ብላ ተገረመች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቂቤ ያነጠረችበትን ነገር ተክሉን አይታው አታውቅም። አተላውን ትሪ ላይ ለማስጣት ተስማምታለች፤ የእጥበት ውኃው ግን እንዳይከለከል ትላለች።

ስለ ቀንድ አውጣው የሚያውቅ አለ? ሆስታዎቹ ወንፊት ሊሆኑ ነው።

ዶማና አካፋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ትምህርት አግኝቻለሁ፤ ሆኖም ዓይኔ ያየውን አልክድም። ሆስታዎቼ በአተላ ጎዱ ብዬ ልመሰክር አልችልም። መጽሐፉ ሌላ፣ ጓሮው ሌላ ሲሆን ጓሮውን ነው የማምነው። ጥናት የተባለው በጓሮ የተሠራ ነው ወይስ በቤተ ሙከራ?

ወንፊት (ሲያትል)

ጥያቄህ ተገቢ ነው። አንዱ በእውነተኛ ሁኔታ የተሠራ ነው። በአውስትራሊያ የሜልበርን ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ሥራ ብሮኮሊ፣ የባሮ ሽንኩርት ወገን የሆነው ሊክ፣ ራዲሽ፣ ቫዮላና ሱፍ በተለያየ አፈር ላይ ተክለው ጥሬ አተላ ቀላቀሉበት። አሸዋማ አፈር ላይም ሆነ ከዚያ ከበድ ባለው ላይ የሁሉም ዕድገት ቀነሰ። ማዳበሪያ ሲጨመርበትም አልተስተካከለም። ተመራማሪዎቹ ከናይትሮጅን እጥረትና ከኮምጣጣነት ይልቅ አተላው ውስጥ ያለው ተክል የሚጎዳ ነገር ነው ምክንያቱ ብለው ደመደሙ። በሌላ በኩል አፈሩ ውኃ የመያዝ አቅሙ ጨምሮ ነበር፤ ጥቅሙንም ደብቀው አላለፉትም።

ታዲያ የአንተ ሆስታ ለምን ደህና ሆነ? ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነሱ የዘሩት ለጋ ተክል ነው፤ ሥሩ ገና ያልጠለቀ። የአንተ ሆስታ ግን ሥሩን የሰደደ፣ ጉልበት ያጠራቀመ ነው። አተላውም ላዩ ላይ ተነስንሷል እንጂ ከአፈሩ ጋር አልተቦካም። ትልቁ ተክል የሚችለውን ችግኝ አይችለውም። ስለዚህ ዓይንህ ያየው ልክ ነው፤ «አፍስሽበት» የሚለው ምክር ግን ችግኝ ላለው ሰው አይሆንም። እህታችን ራሱን እየዘራ የሚራባ ሄለቦር አላት።

የበረንዳ አትክልት (ነታንያ)

በመካከላችሁ ልግባ። እኔ ጓሮ የለኝም፤ ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ላይ በማሰሮ ነው የምተክለው፤ ፈርን፣ ቢጎኒያና እንደ ጌጥ የያዝሁት አንድ የቡና ተክል አለ። እዚህ ውኃው ኖራ የበዛበት ነው፤ ማሰሮው ዳር ላይ ነጭ ይጋግራል። አተላ ብጨምር ያንን ያስተካክልልኛል ብዬ ነበር የማስበው።

ቡና ሥር (ቦንጋ)

ወንድሜ፣ አያስተካክለውም። ውኃ ባጠጣህ ቁጥር ኖራው ይጨመራል፤ አተላው ደግሞ ወንፊት እንዳለችው ለመካከለኛ የቀረበ ነው። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ከቻልህ እሱ ይበልጣል፤ ቡናም ፈርንም ኖራ ያልበዛበት ውኃ ይወዳሉ። አፈሩንም በየጊዜው ቀይርላቸው።

ማሰሮ ላይ ጥሬ አተላ ከናካቴው ባትጨምር እመርጣለሁ። መሬት ላይ ትል አለ፣ ዝናብ አለ፣ የተከማቸውን የሚበትን ብዙ ፍጥረት አለ። ማሰሮ ውስጥ ግን የጨመርኸው እዚያው ይቀመጣል፤ ይሻግታል፣ እርጥቡ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይፈለፈሉበታል። የበሰበሰ ብስባሽ ካገኘህ ከማሰሮው አፈር ጋር በትንሹ ቀላቅል።

ቀዝቃዛ ምድር (ስቶክሆልም)

ስለ ቀንድ አውጣ እኔ ልመልስ፤ እዚህ በበጋ ከዝናብ በኋላ መንገዱን ሁሉ ይሞሉታል፣ የማውቃቸውን ያህል ወዳጆቼን አላውቅም።

የአተላው ወሬ ሥር አለው። በ2002 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የሃዋይ ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ነው። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ካፌይን ያለበት ውኃ ሲረጭባቸው ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ፤ በጣም በቀጠነ መጠን ደግሞ ቅጠል መብላታቸው ቀነሰ። ሰዉ ይህን ሰምቶ አተላ መነስነስ ጀመረ። ነገር ግን የተፈላ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከመቶ የአንድ እጅ ሃያኛው ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ የታጠበ አተላማ ከየት ያመጣል? የሚጎረብጥ ስለሆነ አይሻገሩትም የሚባለውም አያስኬድም፤ በልጋጋቸው ላይ ተንሸራትተው ያልፋሉ።

የሚሠራው ሌላ ነው። ማታ ሳይሆን ጠዋት አጠጪ፤ ሌሊት መሬቱ ደረቅ ይሁን። ሳንቃ ወይም እርጥብ ካርቶን መደቡ አጠገብ አኑሪ፤ ጠዋት ስታነሺው ከሥሩ ተሰብስበው ታገኛቸዋለሽ፣ ትለቅሚያቸዋለሽ። አይረን ፎስፌት የሚባለው ማጥመጃም አለ። ሆስታ ስትገዢ ደግሞ ቅጠሉ ወፍራምና ሰማያዊ መሳዩን ምረጪ፤ ስሱን ነው አስቀድመው የሚበሉት።

ውሻ ያለው ሰው ካለ፦ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፤ ቡችላ ደግሞ አዲስ የተቆፈረና የሚሸት ነገር ሁሉ ይልሳል። ሆስታም ራሱ ለውሻ አይስማማም። አተላው በክዳን ያለበት ክምር ውስጥ ይግባ።

የኮተቤ እናት (አዲስ አበባ)

የእጥበት ውኃው አይከልከል ያሉት እናት ልክ ናቸው። እሱ ቀጭን ነው፣ ወዲያው ይሰርጋል። አንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን እያዘዋወሩ ይድፉት፤ ዛሬ ከፈርኑ፣ ነገ ከሆስታው። ሲበርድ ነው ታዲያ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ልጄ፣ ያ ጥቁር ቅርፊትስ ምን ይሁን?

የሰሜን ጓሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እማማ፣ እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። ቅርፊቱን ቆፍሬ ከአፈሩ ጋር ላዋህደው ወይስ ገፍፌ ላንሣው? ደግሞ የኦክ ቅጠሉን እንዳለ ብተወው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ይሆናል፤ ክምሩ ውስጥም ሳይበሰብስ የሚቆይ ይመስለኛል። ምን ላድርገው?

ወንፊት (ሲያትል)

አትቆፍሪው። የአዛሊያ ሥር ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፤ ፈርኑም እንደዚያው ነው። የኦኩም ቀጫጭን ሥሮች እዚያው አሉ፤ ዶማ ካስገባሽ ሁሉንም ትቆራርጫለሽ። ከዝናብ በኋላ ሲለሰልስ ቅርፊቱን በእጅ መጥረጊያ ቀስ ብለሽ ግፈፊና ወደ ክምሩ ጨምሪው፤ እዚያ ይጠቅማል። የተገፈፈውን ቦታ በእንጨት ስብርባሪ ሸፍኚ። የሄለቦር ችግኝ እንዲበቅልልሽ የምትፈልጊበትን ጥግ ግን ስስ የቅጠል ብስባሽ ብቻ አልብሺው፤ ወፍራም ጉዝጓዝ ካለበት ዘሩ አይወጣም።

የኦክ ቅጠሉን ደረቅ እያለ በሣር ማጨጃው ሂጂበት። ሲደቅ አይጣበቅም፤ መበስበሱም ይፈጥናል። የተረፈሽን በሽቦ አጥር ከብበሽ ለብቻው አኑሪው፤ በዓመቱ ጥቁር የቅጠል አፈር ይሆንልሻል፤ እሱ ለፈርን የሚያህል ምንም የለም። ኦክ ሥር መሆኑ አፈሩን ያኮመጥጣል ብለሽም አትጨነቂ፤ ቅጠሉ ትኩስ እያለ ኮምጣጣ ቢሆንም ሲበሰብስ ወደ መካከለኛው ይመለሳል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ለቤት አትክልተኞች ነጻ ምክር ይሰጣል፤ አፈር የሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎችንም ያመለክትሻል። የአዛሊያውን ነገር ከውጤቱ በኋላ እንነጋገርበት።

ዶማና አካፋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ማድቀቂያ ካስፈለገሽ የእኔ የሣር ማጨጃ ከረጢት ስላለው እየደቀቀ ይሰበስባል። በኅዳር ቅጠሉ ሲረግፍ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ጭኜው እመጣለሁ። ከቡና ቤት የማመጣውን አተላም ከዚህ በኋላ ወደ ክምሩ ነው የማደርገው፤ ደረቅ ቅጠል ግን ያጥረኛል። ትርፍ ካለሽ ትሰጪኛለሽ?

የሰሜን ጓሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የሁለት ኦክ ቅጠል ለሁለታችንም ይተርፋል። እሑድ ቀን ይሁን፤ እናቴ ቡና ታፈላለች።